ማነው የነካካው?

አንድን ራዲዮሎጂስት በጠዋቱ ማናደድ የፈለገ ሰው ብዙ መድከም የለበትም። ደመወዝ መቁረጥ፣ ወንበር መውሰድ፣ ማኪያቶ ማቀዝቀዝ አያስፈልገውም። ምስል በሚነበብበት ኮምፒዩተር ላይ የማውሱን የግራ ቁልፍ ሥራ ለቀኙ፣ የቀኙን ለግራው ሰጥቶ መውጣት ይበቃዋል። ሐኪሙ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ የታማሚውን ሲቲ ስካን ይከፍታል፤ ሊያበራው ሲል ያገዝፈዋል፣ ሊያገዝፈው ሲል ያጨልመዋል። ከዚያ በኋላ የሚሰማውን ድምፅ በምርመራ ማዕከል ኮሪደር ላይ ተራ ጠብቆ የሚያውቅ ሁሉ ሰምቶታል፤ "ማነው ይሄን የነካካው?"

ነካኪው የተለየ ሰው አይደለም፤ ሁሉም ነው። ሥራዬ በአንድ የምርመራ ማዕከል ውስጥ ኮምፒዩተሮችን መንከባከብ ስለሆነ "አይቲውን ጥሩት" ሲባል የምሄደው አብዛኛውን ጊዜ መጋረጃዋ ወደማይከፈተው ወደዚያች ደብዛዛ ክፍል ነው። ውስጧ ሁለት ለዚሁ ሥራ የተሠሩ ውድ ሞኒተሮች በቁመታቸው ቆመዋል፤ ለሪፖርት መጻፊያ የሚሆን አንድ ተራ ሞኒተር፣ አንድ ማውስ፣ አንድ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ በቀን አራት ሰው ይፈራረቅበታል። ከሞኒተሩ ጠርዝ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ቁራጭ ወረቀት አለች፤ የመግቢያ ስምና ፓስዎርድ ተጽፎባታል። ስሙ "ዶክተር" ይላል። ፓስዎርዱን እዚህ አልጽፈውም፤ ከአንድ እስከ ስድስት መቁጠር የሚችል አንባቢ ግን ብዙ አይቸገርም።

ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህች ወረቀት ነው። ሶፍትዌሩ ሞኝ አይደለም። የሠሩት ሰዎች ሐኪም ሁሉ የየራሱ አመል እንዳለው ስለሚያውቁ፣ እያንዳንዱ በስሙ ገብቶ እንደሚመቸው እንዲያስተካክለው፣ ያስተካከለውም ለእሱ ብቻ እንዲቀመጥለት አድርገው ሠርተውታል። የሴቲንጉ ገጽ ሲዘጋ በጨዋነት ይጠይቃል፤ ለውጡ ለዚህ ተጠቃሚ ብቻ ይሁን ወይስ ለሁሉም? ሁሉም ሰው ሌላውን ላለማስቸገር ብሎ "ለዚህ ተጠቃሚ ብቻ" የሚለውን ይጫናል። ችግሩ ተጠቃሚው አንድ መሆኑ ነው፤ እሱም "ዶክተር" ይባላል። ስለዚህ ማሽኑ፣ ጠዋት ያለውን ከሰዓት የሚክድ፣ ከሰዓት የወደደውን ማታ የሚጠላ አንድ ወላዋይ ሰው ሲያዘው የሚውል ይመስለዋል። ታዛዥ ነውና ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቃል ይፈጽማል። አራት ሾፌር የሚፈራረቅበት መኪና ላይ ወንበርና መስተዋት ማስተካከል ወግ ነው፤ የኛዎቹ ግን መስተዋቱን ከማስተካከላቸው በፊት ቀድሞ የነዳውን ሰው ይራገማሉ።

የጠዋቱ አንጋፋ ሐኪም በፊልም ዘመን የተማሩ ናቸው። ራጁን ከብርሃን ሰሌዳው ላይ ሰክተው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ ዝም ብለው ነበር የሚያዩት። እስካሁንም ስክሪኑ ላይ ምስል እንጂ ሌላ ነገር እንዲታይባቸው አይፈልጉም። የከሰዓቷ ወጣት ሐኪም ደግሞ በአንድ ጊዜ ስድስት ምስል ከፍታ፣ በመካከላቸው የሚሮጥ ቢጫ መስቀለኛ መስመር ካልተሳበ ሥራ የተጀመረ አይመስላትም። ማታ የሚመጡት ቀኑን በመንግሥት ሆስፒታል ሲሠሩ የዋሉ ስለሆኑ ፊደሉ ሁሉ ትልልቅ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ዓይን ደክሟል። ሌሊት ተረኛው ሬዚደንት አለ። እሱ በገዛ ላፕቶፑ የለመደውን አመል ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለት ሐኪሞች፣ ሮሴትና ራቲብ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ኦሲሪክስ የተባለውን ሶፍትዌር ለማክ ኮምፒዩተር በነፃ ከለቀቁት ወዲህ፣ የሕክምና ምስል ማየት ከሆስፒታል ጓዳ ወጥቶ የላፕቶፕ ጨዋታ ሆኗል። እሱን የተከተሉ ሶፍትዌሮችም ብዙ ናቸው። ሁሉም ማውሱን በየራሳቸው ቋንቋ ያናግሩታል።

አንድ ቀን ጠዋት የሆነው ይህ ነው።

"ዶክተር፣ ምን ሆነብዎት?"

"ይሄ ነገር ተገልብጧል።"

"ምኑ ነው የተገለበጠው?"

"ሁለመናው ነዋ! ወደ ላይ ሳሽከረክረው ወደ እግር ይወርዳል። ትናንት ወደ ራስ ነበር የሚሄደው።"

"ሌሊት የሠራው ልጅ ለውጦት ይሆናል።"

"ለምን ይለውጠዋል? ትክክል ነበር እኮ!"

አቅጣጫውን መለስኩላቸው። ማታ ላይ ሬዚደንቱ ስልክ ደወለ። "ወንድሜ፣ ማነው ይሄን ያበላሸው? በትክክል አስተካክዬው ነበር የሄድኩት።"

ሁለቱም "ትክክል" ነው ያሉት። "ለምጄዋለሁ" ያለ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የማውስ ጎማ ወዴት ሲሽከረከር ገጹ ወዴት መሄድ እንዳለበት የሰው ልጅ ገና አልተስማማም፤ አፕል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 ነባሩን አቅጣጫ ገልብጦ አዲሱን "ተፈጥሯዊ" ብሎ ሰይሞታል። ተፈጥሮ ስለ ማውስ ጎማ ያላት አቋም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። የብርሃኑም ነገር እንዲሁ ነው፤ በአንዱ ሶፍትዌር ማውሱን ወደ ላይ ሲጎትቱት ምስሉ ይበራል፣ በሌላው ይጨልማል። ዳይኮም የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1993 ዛሬ የምናውቀውን መልክ ሲይዝ፣ ምስል እንዴት እንደሚቀመጥና ከማሽን ወደ ማሽን እንዴት እንደሚላክ ወስኗል። ማውሱ ወዴት ሲጎተት ምን እንደሚሆን ግን ለሰው ልጅ ነፃ ፈቃድ ተወው። ነፃ ፈቃድ ምን እንዳመጣብን ከአዳም ጀምሮ የታወቀ ነው።

ሶፍትዌሩን የሸጠልን ድርጅት አሠልጣኝ ልኮ ነበር። ልጁ በፍጥነት እየተናገረ ሴቲንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳየ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ከምሳ በኋላ ግን ግማሽ ሆነ። የሥልጠና የምስክር ወረቀቱን ሁሉም ወስዷል። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ሰው ይዞት የቀረው አንድ ነገር ነው፤ የመለኪያዋን መስመር ቀለም መቀየር ይቻላል። ስለዚህ ቀየሩ። ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ አንድ ሰሞን ደግሞ ሐምራዊ። እኔ በሥራ ላይ እያለሁ ስለ መስመር ቀለም የተጠራሁትን ያህል ስለ ሌላ ነገር ተጠርቼ አላውቅም። የማዕከሉ ባለቤትም አልቀሩም፤ የድርጅቱ ዓርማ በእያንዳንዱ ምስል ጥግ ላይ ይውጣ ብለው አዘዙ። ወጣ። በደረት ራጅ ላይ ዓርማው ያረፈበት ቦታ የሳንባው የታችኛው ጥግ፣ ውሃ ሲቋጠር መጀመሪያ የሚታይበት ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ለአንድ ጊዜ በአንድ ድምፅ ተቃወሙ። ያቺን ቀን አልረሳትም፤ ዓርማዋ አራቱም የተስማሙባት ብቸኛዋ ሴቲንግ ናት።

ቁም ነገር ያላቸው ሴቲንጎች ሌሎች ናቸው፤ በእነሱ ላይ የሚጨቃጨቅ ሰው ግን የለም።

ሲቲ ስካን ሰውነትን የሚያየው በቁጥር ነው። በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ስም በተጠራው መለኪያ ውሃ 0 ነው፤ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ ስብ ከዜሮ በታች 100 ገደማ፣ የአንጎል ሥጋ ከ30 እስከ 40፣ አዲስ የፈሰሰ ደም 60 አካባቢ፣ ጠጣር አጥንት ከ1000 በላይ። ይህ ሁሉ ደረጃ በግራጫ ቀለም ቢደረደር ዓይናችን አይለየውም። ስለዚህ ሐኪሙ ለጊዜው የሚፈልገውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ያያል፤ ዊንዶው የሚሉት ይህንን ነው። ለአንጎል ስፋቱ 80፣ መሐሉ 40 ነው። ከዜሮ በታች ያለው ሁሉ ይጠቁራል፣ ከ80 በላይ ያለው ሁሉ ይነጣል፣ በመካከል ያለው ብቻ ተዘርዝሮ ይታያል። ለሳንባ ደግሞ ስፋቱ 1500፣ መሐሉ ከዜሮ በታች 600 ይደረጋል።

አሁን የሌሊቱ ሰው ሳንባ ሲያይ ቆይቶ፣ "ሁልጊዜ በዚህ ክፈት" የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጎባት ሄደ እንበል። ጠዋት ከሞተር ሳይክል ወድቆ የመጣ ልጅ የጭንቅላት ምስል በሳንባ ዊንዶው ይከፈታል። በአንጎሉና በፈሰሰው ደም መካከል ያለችው የ25 ያህል ልዩነት በ1500 ስፋት ውስጥ ትሰምጣለች፤ የሚታየው አንድ ወጥ ግራጫ ነው። ነገሩን የሚያውቅ ሐኪም ወዲያው ነቅቶ ይመልሰዋል፣ አይታለልም። ግን እንዲህ በሆነ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ጭቅጭቁ የሚነሣው ስለዚህ አይደለም፤ ሐምራዊውን መስመር ማን አመጣው በሚል ነው።

እንዲያውም ለአንጎል የተባለው ዊንዶው ራሱ ሁሉን አያሳይም። ከራስ ቅሉ ሥር ተለጥፎ የሚቀር ስስ ደም ከአጥንቱ ጋር አብሮ ስለሚነጣ ሊደበቅ ይችላል፤ ስፋቱን ወደ 200 ገደማ ከፍ አድርጎ ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። ይህን በአንድ ጣት ለማድረግ የቁጥር ቁልፍ መመደብ ይቻላል። በእኛ ሶፍትዌር ላይ ለዚህ የሚሆኑ ቁልፎች ተደርድረው ባዶአቸውን ተቀምጠዋል። እስካሁን ከመካከላቸው ሥራ ያገኘችው አንዷ ናት። እሷም ስክሪኑን ትቆልፋለች፤ ሐኪሙ ቡና ሊጠጡ ሲወጡ።

ግራና ቀኝ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በራዲዮሎጂ ወግ ታማሚው ፊት ለፊታችን እንደቆመ ተደርጎ ስለሚታይ የእሱ ቀኝ ከእኛ ግራ ይውላል። አንዳንድ የአንጎል ሰዎች ግን ከታማሚው ራስ በላይ ቆመው ወደ ታች እንደሚያዩ አድርገው ማየት ይወዳሉ፤ ያኔ ቀኙ ከቀኝ ይሆናል። ሶፍትዌሩ ለሁለቱም ይፈቅዳል፤ ምስል መገልበጫ ቁልፍም አለው። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ያሉትን ጽሑፎች ማጥፋትም በራሱ ክፉ አይደለም፤ አንጋፋው ሐኪማችን "ፊደሉ ምስሉን ይሸፍንብኛል" የሚሉት እውነታቸውን ነው። አንድ ሰሞን ግን ከአራቱ አንዱ መገልበጫዋን ለአንድ ጉልበት ብሎ ተጫናት፣ ሳያስበው ተቀመጠች። አንጋፋው ደግሞ ጽሑፉን በሙሉ አጠፉ፤ ቀኝና ግራን የሚናገሩት ሁለት ፊደላትም አብረው ጠፉ። ደረት ቢሆን ልብ በግራ ስለሆነ ሰው ይነቃል። ሆድ ቢሆን ጉበት በቀኝ ስላለ ይነቃል። ጉልበትና አንጎል ግን ቀኛቸውና ግራቸው መንታ ነው።

ያዳነችን ራጅ የምታነሳው ልጅ ናት። ራጅ ሲነሳ ከእርሳስ ብረት የተሠራች ትንሽ ፊደል ከታማሚው አጠገብ ትቀመጥና ከአጥንቱ ጋር አብራ ትነሳለች፤ ስለዚህ ከምስሉ ላይ በሴቲንግ አትጠፋም። ልጅቷ ሌላ ነገር ልትጠይቅ ገብታ በአንጋፋው ሐኪም ትከሻ ላይ አሻግራ አየችና "ዶክተር፣ ኤልዋ እኮ ፊቷን አዙራለች" አለቻቸው። የግራ ምልክቷ ኤል ፊደል እንደ መስተዋት ምስል ወደ ኋላ ዞራ ቆማለች። ክፍሉ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንጋፋው ሐኪም ቀና ብለው ያሉትን መገመት ለአንባቢ አያቅተውም፤ "ማነው ይሄን የነካካው?"

ምስሎቹ ሲከፈቱ የትኛው በየትኛው ቦታ ይቀመጥ የሚለውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በፊልም ዘመን ፊልሙን በወጉ የሚሰቅለው ሰው ነበር፤ የዛሬው በግራ፣ የዱሮው በቀኝ፣ የጡት ምርመራ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ጡቶች ጀርባ ለጀርባ ተገጥመው። አሁን ይህን ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲያደርገው ሕግ ይጻፍለታል። ማሽኑ ግን ጡት ይሁን ጉልበት ሥዕሉን አይቶ አይለይም፤ አንሺው ባለሙያ በእንግሊዝኛ የጻፈውን ርዕስ አንብቦ ነው። ብሬን ተብሎ ሲጻፍ የአንጎሉን አሰቃቀል ያወጣል። በጥድፊያ ሁለት ፊደል ሲቀያየር ብራያን የሚባል የፈረንጅ ስም ይሆንና ሕጉ ይፈርሳል። በማኅደራችን ውስጥ የብራያን ሲቲ ስካን የተነሡ ሰዎች ቁጥር ቀላል አይደለም። ይህን አስተካክሉ ስላቸው አንሺዎቹ "ዶክተሮቹ ያውቁታል" ይላሉ፣ ዶክተሮቹ "ሶፍትዌሩ አይሠራም" ይላሉ።

ስማችንም ሶፍትዌሩን ያደናግረዋል። ዳይኮም ስምን የሚያስቀምጠው የቤተሰብ ስም አስቀድሞ፣ የራስን ስም አስከትሎ ነው። አበበ ከበደ የሚባል ሰው ይምጣ። የቤተሰብ ስም የለውም፤ አባት ነው ያለው። መዝጋቢዋ ከበደን ከቤተሰቡ ቦታ ትከተዋለች፤ ሶፍትዌሩም "ከበደ፣ አበበ" ብሎ ያሳያል። በሴቲንጉ ውስጥ ይህን የምትገለብጥ አንዲት ሳጥን አለች፤ አንዱ ሐኪም ያበራታል፣ ሌላው ያጠፋታል። ውጤቱ ኮሪደሩ ላይ ይሰማል። "አቶ ከበደ!" ተብሎ ይጠራል። አቶ ከበደ ነፍሳቸውን ይማርና ካረፉ ቆይተዋል። ልጃቸው አበበ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማን ይሆን ብሎ ዙሪያውን ያያል። አንዳንዴም ከጥግ አንድ እውነተኛ ከበደ ብድግ ይላል። ያን ጊዜ ነው መፍራት።

ዕድሜውም ቢሆን ማሽኑ ራሱ ነው የሚያሰላው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። አበበ መቼ ተወለድክ ሲባል 1970 ይላል፤ ልክ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። እንዳለ ሲገባ ማሽኑ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨምርለታል። ቀኑንና ወሩን የማያውቅ ሰው ከሆነ ደግሞ ጥር አንድ ተብሎ ይሞላለታል፤ እንደ እኛ ማኅደር ከሆነ ከሀገሩ ሰው ብዙው የፈረንጅ አዲስ ዓመት ዕለት የተወለደ ነው። እዚህ ላይ ከመዝጋቢዋ በቀር የሚወቀስ የለም የሚል ካለ ተሳስቷል። ሪፖርቱ ላይ "ለዕድሜው የሚጠበቅ የአጥንት መሳሳት" ብሎ የሚፈርመው ሌላ ሰው ነው።

ይሁንና ሴቲንጉ ሁሉ ቢሰምር ምስሉ በትክክል ይነበባል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ ትራፍተን ድሩና ባልደረቦቹ 24 ራዲዮሎጂስቶችን የሳንባ ሲቲ ሰጥተው ትንንሽ እጢዎችን ፈልጉ አሏቸው። ከምስሎቹ መካከል የጎሪላ ሥዕል ከተውበት ነበር፤ ከሚፈለጉት እጢዎች አማካይ መጠን 48 እጥፍ የሚተልቅ። ከ24ቱ 20ዎቹ አላዩትም። የዓይናቸው አቅጣጫ ሲለካ ካላዩት መካከል አብዛኞቹ በቀጥታ ጎሪላው ላይ አፍጥጠው ነበር። እነዚህ ሰዎች ሴቲንጋቸው ያማረ፣ መሣሪያቸው የተሟላ ነበር። ይህን ታሪክ አንድ ቀን ማታ ለተረኛው ሬዚደንት ነገርኩት። ትንሽ አሰበና "ዊንዶው ልክ አልነበረም ይሆናላ" አለኝ። እኔ ምን እላለሁ።

ከሁሉ የሚያስቀኝ መጨረሻው ነው። ሁለቱ ሞኒተሮች ግራጫው በማንኛውም ሀገር ባለ ሞኒተር ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲታይ በዳይኮም መለኪያ የሚስተካከሉ ናቸው። መጋረጃው የተዘጋው፣ መብራቱ የደበዘዘው ለዚሁ ሲባል ነው። ሐኪሙ ማውሱን አስተካክሎ፣ መስመሩን አቅልሞ፣ ፊደሉን አጥፍቶ፣ ዊንዶውን ቆርጦ፣ ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ስክሪኑን ፎቶ ያነሣና በቴሌግራም ለጓደኛው ይልካል። "ይሄን እስቲ እየው።" ፎቶው ላይ የስክሪኑ ነጥቦች የሜዳ አህያ ቆዳ ሆነዋል፤ ከላይ የሐኪሙ ነጭ ጋወን ነጸብራቅ አለ፤ ጥጉ ላይ የማኪያቶ ብርጭቆ። ጓደኛው ታክሲ ውስጥ ሆኖ በአንድ እጁ አየውና "ደህና ይመስላል" ብሎ መለሰ።

ስክሪን ፎቶ ማንሳት መቼም አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ታማሚ ሲቲ ስካን የተነሣው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 ለንደን ውስጥ በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል ነው፤ ምስሉ በአግድም 80፣ በቁም 80 ነጥብ ብቻ ነበረው። በዚያ ዘመን የሃውንስፊልድ ማሽን ስክሪን ላይ የሚወጣውን ምስል በፖላሮይድ ካሜራ ፎቶ እያነሡ ነበር ሐኪሞች የሚያዩት። የሚነካካ ሴቲንግ እምብዛም አልነበረም። ሃውንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር ኖቤል ተሸለመ። እኛም ግማሽ ምዕተ ዓመት ደክመን፣ ምስሉን አጥርተን፣ ቁራጩን ከሺህ አሳልፈን፣ ሴቲንጉን በመቶ ገጽ አብዝተን ተመልሰን ስክሪን ፎቶ ወደ ማንሳት ገባን። ልዩነቱ ያኔ ፎቶው በወረቀት ላይ መሆኑና ሐኪሙ ታክሲ ውስጥ ሆኖ አለማየቱ ነው።

ስለዚህ ለተከበራችሁ ዶክተሮቼ አንድ ልመና አለኝ። አዲስ ተጠቃሚ መክፈት ለእኔ ጥቂት ደቂቃ ነው። ስማችሁን ከነአባታችሁ ይዛችሁ ኑና በየስማችሁ ግቡ። ማውሱን እንዳሻችሁ ገልብጡት፣ መስመሩን ሐምራዊም አድርጉት፣ ማንም አይጠይቃችሁም። የግራና የቀኙን ፊደላት ግን አታጥፉብኝ፤ ባዶአቸውን የተቀመጡትን ቁልፎችም ለአንጎል፣ ለሳንባና ለአጥንት እንመድባቸው፤ ከፈለጋችሁ አብሬያችሁ ተቀምጬ አሳያችኋለሁ። የምሠራው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው። ፓስዎርዳችሁን ደግሞ ለማንም አትንገሩ፤ ለእኔም ቢሆን።